የአራቱን ኸሊፋዎች ዘመን ሳያምታቱ ለማስተማር

ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ህልፈት በኋላ ኡማውን (የሙስሊሙን ማኅበረሰብ) በኸሊፋነት የመሩት አቡበክር፣ ዑመር፣ ዑስማንና ዐሊ (ረ.ዐ.) ናቸው። የመጨረሻውን፣ የዐሊን ልጅ የሐሰንን፣ ጥቂት ወራት ጨምሮ ዘመናቸው 30 ዓመት ብቻ ነው። በመድረሳም ሆነ በቤት ሲሰጥ ግን ብዙ ጊዜ የስምና የጦርነት ዝርዝር ሆኖ ያልቃል። ልጁ "ያርሙክ፣ ቃዲሲያ፣ ኒሃወንድ" እያለ ይደረድራል፤ "ዑመር እንዴት ኸሊፋ ሆኑ?" ሲባል ግን ዝም ይላል። ስለዚህ ትምህርቱን በሁለት ጥያቄ ላይ ማቆም ይሻላል፦ እያንዳንዳቸው እንዴት ተመረጡ? ኃላፊነቱን ሲረከቡስ የገጠማቸው ችግር ምን ነበር፣ ምንስ ወሰኑ? ጦርነቱም ግዛቱም ከዚያ በኋላ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

የሚያስፈልገው ትልቅ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ስድስት ዓይነት ቀለም፣ የስልክ ሒሳብ ማሽን እና ስድስት ያህል ክፍለ ጊዜ ነው።

ወረቀቱን ማስመር

90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሁለት የፍሊፕ ቻርት ወረቀቶች በቁመታቸው አስከትለው ይለጥፉ። ከ11 እስከ 41 ዓመተ ሂጅራ 31 ዓመት አለ፤ ለእያንዳንዱ ዓመት 5 ሳንቲ ሜትር ቢሰጡ 155 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የተረፈው ለረድፎቹ መጠሪያ ይውላል። ከላይ የሂጅራውን ዓመት፣ ከሥሩ የእኛን ዓ.ም.፣ ከዚያ "ምርጫና ውሳኔ"፣ ቀጥሎ "ግዛትና ጦርነት"፣ በመጨረሻ "ዘገባው የሚለያይበት" የሚሉ አምስት ረድፎች ያስምሩ። አምስተኛውን ረድፍ ቦታ ለመቆጠብ ብለው አይተዉት፤ ያለሱ ተማሪው አንዱን ዘገባ ብቻ ይዞ ሌላውን ሲሰማ ግራ ይጋባል።

የ11 ዓመተ ሂጅራን መጀመሪያ ዜሮ አድርገው ይለኩ። የነቢዩ ህልፈት 1 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የአቡበክር ዘመን ማብቂያ 12.4 ላይ፣ የዑመር 65 ላይ፣ የዑስማን 124.8 ላይ፣ የዐሊ 148.6 ላይ ይወድቃል። የሐሰን ከዚያ እስከ 151 ገደማ ነው። አምስቱን በአምስት ቀለም ይቀቡ።

የርዝመቱ ልዩነት ራሱ ብዙ ይናገራል። የአቡበክር ድርሻ 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ሊጻፍበት የሚገባው ግን ሞልቶ ይፈሳል። የዑስማን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከሁሉም ረጅሙ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ትምህርት የሚያወራው ስለ መጨረሻዎቹ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ባዶ ሆኖ የቀረ ቦታ ካዩ ያልተማሩት እዚያ እንዳለ ይወቁ።

ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ

ከሁሉ በላይ ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይስጡት።

የሂጅራ አቆጣጠር የተደነገገው በዑመር ዘመን፣ በ17ኛው ዓመት አካባቢ ነው። ከገዥዎች ጋር በሚደረገው መጻጻፍ ቀን ያልተጻፈባቸው ደብዳቤዎች ሲያምታቱ፣ "ሻዕባን" የሚል ሰነድም ቀርቦ የየትኛው ዓመት ሻዕባን እንደሆነ ሲያጠያይቅ፣ ዑመር ሰሓቦችን (የነቢዩን ባልደረቦች) ሰብስበው አማከሩ። የስደቱ ዓመት መነሻ፣ ሙሐረም ደግሞ የመጀመሪያ ወር እንዲሆን ተወሰነ። ስደቱ ራሱ ግን በረቢዐል አወል ነበር። "ሙሐረም 1 ነቢዩ መዲና የገቡበት ቀን ነው" የሚለው በየዓመቱ የሚደጋገም ስህተት የሚመጣው ይህን ካለመለየት ነው።

ሙሐረም 1 ቀን 1 ዓመተ ሂጅራ በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 614 ዓ.ም. ነው። የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ከእኛ በ11 ቀን ያህል ያጥራል። ለማስላት የሂጅራውን ዓመት በ0.97 ያባዙና 613.91 ይደምሩ። የሚያገኙት ያ የሂጅራ ዓመት የገባበትን ዓ.ም. ነው፤ ከነጥብ በኋላ ያለው የእኛ ዓመት ምን ያህል እንደሄደ ያሳያል። ለ35 ዓመተ ሂጅራ፦ 35 በ0.97 ሲባዛ 33.95፤ ሲደመር 647.86። ስለዚህ 35 የገባው በ647 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዑስማን የተገደሉት ዙልሒጃ 18፣ ማለትም የሂጅራው ዓመት ሊያልቅ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ነው። እስከዚያ ያለውን 342 ቀን ተኩል ለ365 ሲያካፍሉ 0.94 ይሆናል፤ ድምሩ 648.80። እናም ትክክለኛው 648 ዓ.ም. እንጂ 647 አይደለም። ወሩን ሳያዩ ዓመቱን ብቻ የመለሰ ሰው ሁልጊዜ የሚወድቀው በዚህ ጉድጓድ ነው። (ለቅርብ ዘመን ዓመታት በ0.97 ፈንታ 0.9702 ያስፈልጋል፤ ለ1400ዎቹ ልዩነቱ ወራት ይሆናል።)

ከፈረንጅ ቀን የሚመልሱ ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የታሪክ ጸሐፊዎች ለዚያ ዘመን የሚጠቀሙት የድሮውን የጁሊያን አቆጣጠር ነው። በዚያ አቆጣጠር መስከረም 1 የሚውለው ኦገስት 29 (በየአራት ዓመቱ 30) እንጂ ሴፕቴምበር 11 አይደለም። እስከ ኦገስት 28 ከሆነ 8፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 7 ይቀንሱ። የነቢዩ ህልፈት በተለምዶ ከሚያዘው ከረቢዐል አወል 12 ቀን 11 ዓመተ ሂጅራ ጋር የሚገጥመው ጁን 8 ቀን 632 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህም ሰኔ 14 ቀን 624 ዓ.ም. ይሆናል። "ጁን 8 ማለት ሰኔ 1 ነው" ብሎ በዛሬው ልማድ የመለሰ በ13 ቀን ይስታል።

ዋናዎቹ ቀኖች እነሆ፤ ራስዎ አስልተው ያመሳክሩዋቸው። አቡበክር ያረፉት ጁማደል ኣኺር 22 ቀን 13 ዓመተ ሂጅራ፣ ነሐሴ 30 ቀን 626 ዓ.ም.። ዑመር በ23 ዓመተ ሂጅራ ማብቂያ፣ በኅዳር 637 ዓ.ም. መጀመሪያ። ዑስማን ዙልሒጃ 18 ቀን 35፣ ሰኔ 23 ቀን 648 ዓ.ም.። ዐሊ ረመዳን 21 ቀን 40፣ የካቲት 3 ቀን 653 ዓ.ም.። የሂጅራ ቀን ከመግሪብ (ከፀሐይ መጥለቅ) ስለሚጀምርና ወሩ በጨረቃ መታየት ስለሚገባ የአንድ ቀን ልዩነት ቢያገኙ ስህተት ሠርቻለሁ ብለው አይጨነቁ።

ተማሪ መጠየቁ የማይቀር ነገር አለ፦ "30 ዓመት ይባላል፤ ከ624 እስከ 653 ግን 29 ነው።" ሁለቱም ልክ ነው። ከ11 እስከ 41 የተቆጠረው 30 የጨረቃ ዓመት በፀሐይ 29 ዓመት ከጥቂት ነው። ይህን ልጆቹ በሒሳብ ማሽን ራሳቸው ያውጡት።

ስሞች

በአማርኛ አጻጻፍ ብቻ የሚፈጠር ችግር አለ፤ ዑመርና ዐምር። ግብጽን የመሩት ዐምር ኢብኑል ዓስ ናቸው፤ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ። በዐረብኛ "ዐምር" መጨረሻ ላይ የማትነበብ ዋው የምትጨመረው እነዚህን ሁለት ስሞች ለመለየት ነው። እኛ ሁለቱንም "አምር"፣ "ኡምር" እያልን ስንጽፍ ግን ልጆች አንድ ሰው ያደርጓቸዋል። ሁልጊዜ ከነአባት ስም ይጻፉ። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (የአንሷር፣ ማለትም ነቢዩን የተቀበሉት የመዲና ሰዎች፣ መሪ)፣ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (የቃዲሲያ አዛዥ) እና ሰዒድ ኢብኑል ዓስ (ሙስሐፉን፣ ማለትም የቁርኣኑን ቅጂ፣ ከገለበጡት አንዱ) ሦስት ሰዎች ናቸው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ደግሞ በጀነት የተበሰሩ ሰሓባ ናቸው፤ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ሙልጀም የዐሊ ገዳይ ነው። እነዚህን ሳይለዩ ወደፊት መሄድ አያዋጣም።

አራቱ ምርጫዎች

አራቱም የተመረጡበት መንገድ ይለያያል፤ የትምህርቱ እምብርት ይህ ነው። ልጆች ሰሓቦችን ሆነው እንዲተውኑ አያድርጉ፤ ብዙ ዑለማእ አይፈቅዱትም፣ አክብሮቱንም ይቀንሳል። በምትኩ ስም የተጻፈባቸው ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ያንቀሳቅሱ።

አቡበክር፦ ነቢዩ ገና ሳይቀበሩ አንሷሮች በሰቂፈቱ በኒ ሳዒዳ፣ ጥላ ባለው መሰብሰቢያ፣ በሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ ዙሪያ ተሰበሰቡ። አቡበክር፣ ዑመርና አቡ ዑበይዳ ደረሱ። "ከእኛ አንድ አሚር፣ ከእናንተ አንድ አሚር" የሚል ሐሳብ ቀረበ። አቡበክር የሁለቱን ጓደኞቻቸውን እጅ ይዘው "ከነዚህ አንዱን ምረጡ" ሲሉ ዑመር የአቡበክርን እጅ ይዘው በይዓ (የታማኝነት ቃል ኪዳን) አደረጉ፤ በማግስቱ በመስጂድ ሕዝቡ በይዓ አደረገ። የዐሊ በይዓ መቼ እንደነበረ ዘገባው ይለያያል፤ አምስተኛው ረድፍ ላይ ይመዝገብ።

ዑመር፦ አቡበክር በሕመም አልጋ ላይ ሆነው እነ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና ዑስማንን አማክረው፣ ኑዛዜውን ዑስማን እንዲጽፉት አደረጉ።

ዑስማን፦ ዑመር በፈጅር ሶላት ላይ በአቡ ሉእሉዓ ከተወጉ በኋላ ስድስት ሰዎች ሰየሙ፤ ዐሊ፣ ዑስማን፣ ዙበይር፣ ጦልሓ፣ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ፣ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ። ሦስት ቀን ተሰጣቸው፤ እስከዚያ ሶላት የሚያሰግዱት ሱሀይብ አር-ሩሚ ነበሩ። የዑመር ልጅ ዐብዱላህ በውይይቱ ይገኛሉ እንጂ አይመረጡም። ካርዶቹን እዚህ ጋ ይዘርጉ፦ ዐብዱረሕማን ከውድድሩ ራሳቸውን አወጡና መራጭ ሆኑ፤ ሌሎችም እየለቀቁ ሁለት ካርድ ቀረ፣ ዐሊና ዑስማን። ዐብዱረሕማን የመዲናን ሰው እየዞሩ ጠየቁ። ልጆች "ለምን ራሳቸውን አወጡ?" ብለው እስኪጠይቁ ይጠብቁ፤ ፈራጅና ተፎካካሪ በአንድ ሰው እንዳይሆን የሚለውን መልስ ራሳቸው ሲደርሱበት አይረሱትም።

ዐሊ፦ ዑስማን በቤታቸው ተከበው ከተገደሉ በኋላ፣ ከተማይቱ በዐመፀኞች እጅ እያለች፣ በመዲና በይዓ ተደረገላቸው። ይህ ሁኔታ ቀጥሎ ለመጣው ሁሉ መነሻ ስለሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይለፉት። ሺዓዎች ደግሞ ዐሊ ከመጀመሪያው በነቢዩ የተሰየሙ ናቸው ብለው ነቢዩ በገዲር ኹም ያደረጉትን ንግግር ይጠቅሳሉ፤ ልጆች ይህን በኢንተርኔት ከመስማታቸው በፊት ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል።

የገጠማቸውና የወሰኑት

ለአቡበክር ሦስት ነገር ይበቃል፦ ዘካ አንከፍልም ባሉት ላይ መጽናታቸው፣ ነቢዩ ያዘጋጁትን የኡሳማን ጦር ሳያዘገዩ መላካቸው፣ ከየማማ ጦርነት በኋላ ቁርኣንን ማሰብሰባቸው። በየማማ ብዙ ሓፊዞች (ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ) ሲያልቁ ዑመር ሐሳቡን አቀረቡ፤ ዘይድ ኢብኑ ሣቢት ከዘንባባ ዘንግ፣ ከስስ ድንጋይና ከሰው ልብ ሰበሰቡት። አንድ ነገር ቀርቦ እንዲታይ ደግሞ ይህን ይጨምሩ፦ አቡበክር የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ኸሊፋ ከሆኑ በኋላም ጨርቃቸውን ተሸክመው ወደ ገበያ ወጡ። ዑመርና አቡ ዑበይዳ መንገድ ላይ አግኝተዋቸው "የሙስሊሞችን ጉዳይ ይዘህ?" አሏቸው። "ታዲያ ቤተሰቤን በምን ልቀልብ?" አሉ። የመሪ ደመወዝ የተወሰነላቸው ያኔ ነው።

በዑመር ላይ ይቆዩ። መዝገቡ፣ ማለትም ዲዋን፣ የማን ስም በስንተኛ ደረጃ እንደሚጻፍና በዓመት ስንት እንደሚሰጠው የሚወስን ነበር። አቡበክር ለሁሉም እኩል ሲያከፋፍሉ ዑመር በእስልምና የቀደመውን አስቀደሙ፤ ዐሊ ወደ እኩልነቱ ተመለሱ። ለበድር ጦርነት ተሳታፊ የተመደበው በዓመት 5,000 ዲርሃም እንደነበር ይዘገባል። በፊቅህ (በእስልምና ሕግ) በሚታወቀው ሚዛን አንድ ዲርሃም 2.975 ግራም ብር ነው፤ ስለዚህ 14.9 ኪሎ ግራም ያህል ብር ይሆናል። ይህን በዛሬ ገበያ ወደ ገንዘብ አይለውጡት፤ ብር ያኔ የነበረው የመግዛት አቅም ዛሬ የለውም፣ የሚወጣው ቁጥር ያሳስታል። የኢራቅ መሬት (ሰዋድ) ጉዳይም አለ። ወታደሮቹ እንደ ምርኮ ይከፋፈል አሉ፤ ቢላል ከጠያቂዎቹ አንዱ እንደነበሩ ይዘገባል። ዑመር ግን ከሱረቱል ሐሽር ጠቅሰው "በኋላ ለሚመጡት ምን ይቀራል?" ብለው መሬቱን ለባለይዞታዎቹ ተዉት፣ ኸራጅ (የመሬት ግብር) ጣሉበት። ቢላል ከዑመር ጋር ሲከራከሩ ማየት ለልጆች ብዙ ያስተምራል፤ ኸሊፋን መሞገት ይቻል ነበር።

ሌላው የወረርሽኙ ነው። ዑመር ወደ ሻም (ሶርያና አካባቢዋ) ሲጓዙ ሰርግ በሚባል ቦታ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። አማካሪዎቹን በቅደም ተከተል ይጻፉ፦ መጀመሪያ ሙሃጂሮች (ከመካ የተሰደዱት)፣ ተለያዩ፤ ቀጥሎ አንሷሮች፣ ተለያዩ፤ ከዚያ የመካ መከፈት ጊዜ የነበሩ የቁረይሽ ሽማግሌዎች፣ "ተመለስ" አሉ በአንድ ድምፅ። አቡ ዑበይዳ "ከአላህ ቀደር (ውሳኔ) ትሸሻለህ?" ሲሏቸው "አዎ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር" አሉ። በኋላ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ መጥተው ከነቢዩ የሰሙትን ተናገሩ፦ በሽታ ወዳለበት አትግቡ፣ ባላችሁበት ከተነሳም ሸሽታችሁ አትውጡ። አቡ ዑበይዳ በዚያው በዐምዋስ ወረርሽኝ አረፉ።

በዑስማን ዘመን ሙስሐፉን ይያዙ። ሑዘይፋ ከአርመንና ከአዘርባጃን ግንባር ተመልሰው ወታደሮች በቁርኣን አቀራር እየተጣሉ መሆኑን ነገሯቸው። በዑመር ልጅ በሐፍሷ ዘንድ የነበረው የአቡበክር ስብስብ ተወስዶ በዘይድና በሦስት የቁረይሽ ሰዎች ተገለበጠ፤ ወደየክፍለ ሀገሩ ተላከ፤ ሌላው እንዲቃጠል ታዘዘ። የሁለቱን ሥራ አያደባልቁ፦ አቡበክር ሰበሰቡ፣ ዑስማን በአንድ አጻጻፍ አዋሐዱ። የመጀመሪያው የሙስሊሞች የባሕር ዘመቻ በቆጵሮስ ላይ (28 ዓመተ ሂጅራ) በዚሁ ዘመን ነው። ዘመዶቻቸውን በመሾማቸው የተነሳባቸውን ቅሬታም፣ በከበባው ወቅት ስለሳቸው ደም እንዳይፈስ መከልከላቸውንም አብረው ያስቀምጡ።

ፊትናውን ሲያስተምሩ

ፊትና የሚባለው በሙስሊሞች መካከል የተነሳው የእርስ በርስ ጦርነት ነው፦ ጀመል፣ ሲፊን፣ ነህረዋን። በሂጅራ 36፣ 37፣ 38፤ በየዓመቱ አንድ። በእኛ አቆጣጠር ግን ጀመልና ሲፊን ሁለቱም በ649 ዓ.ም. ይወድቃሉ፤ ወረቀቱ ላይ ሲያዩት ስህተት አይምሰልዎ። ማን ምን ጠየቀ የሚለውን ብቻ ያስተምሩ፦ ጦልሓ፣ ዙበይርና እናታችን ዓኢሻ የዑስማን ገዳዮች በአስቸኳይ ይቀጡ አሉ፤ ዐሊ መጀመሪያ አንድነቱ ይጽና፣ ፍርዱ ይከተላል አሉ፤ የሻም ገዥ ሙዓዊያ የዘመዳቸው የዑስማን ደም ሳይመለስ በይዓ አላደርግም አሉ። የሟችና የተዋጊ ቁጥር አይስጡ፤ ዘገባዎቹ እጅግ ይራራቃሉ። ዕድሜያቸው ከ12 በታች ለሆኑ ቅደም ተከተሉ ይበቃል። ለፍርድ የሚቸኩል ተማሪ ካለ "ሦስቱም የሚፈልጉት ፍትሕ ነበር፤ የተለያዩት በምን ላይ ነው?" ብለው ይመልሱት።

አንድ ክር በሐበሻ በኩል

ወረቀቱ ሲሞላ በሌላ ቀለም አንዲት ሴት ይከተሉ፦ አስማእ ቢንት ዑመይስ። ከባለቤታቸው ከጀዕፈር ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደዱ፤ ልጃቸው ዐብዱላህ እዚህ ተወለደ። በ7 ዓመተ ሂጅራ ተመለሱ፤ ጀዕፈር በሙእታ ሲሰዉ አቡበክር አገቧቸው። አቡበክር ሲሞቱ ገላቸውን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ዐሊን አገቡ፤ ከአቡበክር የወለዱት ሙሐመድ በዐሊ ቤት አደገ፣ በኋላም በዐሊ የግብጽ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ዑስማንም ከባለቤታቸው፣ ከነቢዩ ልጅ ከሩቀያ ጋር በመጀመሪያው ስደት ሐበሻ ነበሩ። አቡበክር የላኩት የመጀመሪያ ጦር አዛዥ ኡሳማ ደግሞ የሐበሻዊቷ የኡሙ አይመን ልጅ ናቸው። እነዚህን መስመሮች ሲስሉ ከ11 በፊት ላለው ቦታ በግራ በኩል ያተረፉትን ህዳግ ይጠቀሙ፤ የሐበሻው ስደት ከሂጅራ 7 ዓመት ያህል ስለሚቀድም በ5 ሳንቲ ሜትር ልኬት አይገባም፣ በነጠብጣብ መስመር ያመልክቱት።